ዓይን ሳይከደን

የቬስሊንግ ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከባዶ ቀፎ ነው። አያትየው በርንሃርድ ከጀርመን አገር፣ ከዌስትፋለን ሲሰደዱ ሌላው ሰው አልጋ ልብሱንና መጽሐፍ ቅዱሱን ሲሸከም፣ እሳቸው ከገለባ የተጎነጎነ ቀፎ ከነንቡ ታቅፈው መርከብ ተሳፈሩ። ንቦቹ ባሕር ላይ አለቁ። ቀፎውን ይጣሉት ቢሏቸው ግን ወይ ፍንክች! አሜሪካ፣ ሚዙሪ ደርሰው፣ ጫካ መንጥረው፣ ከግንድ ቤት ሠርተው፣ አንድ የዱር መንጋ ያዙበት። ቤቱ እህልም ልጅም ማየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

ከቀፎው ጋር አንድ ሥርዓት አብሮ ባሕር ተሻግሯል። የቤቱ ጌታ ሲሞት ወራሹ መጀመሪያ የሟቹን ዓይን በገዛ እጁ ይከድናል። ከዚያ የቤቱን ቁልፍ ከተሰቀለበት አንሥቶ ወደ ንቦቹ ይሄዳል፤ እያንዳንዱን ቀፎ በቁልፉ ቆርቆር እያደረገ፣ “ጌታችሁ ሞቷል፤ ከእንግዲህ ጌታችሁ እኔ ነኝ” ይላል። ካልተነገራቸው ወይ ያልቃሉ ወይ ጥለው ይሄዳሉ። በዚያ ሸለቆ መሬቱ በማንም ስም ይጻፍ፣ ጌታ የሚባለው ለንቦቹ የተናገረው ሰው ነው።

ዲርክ፣ የበርንሃርድ የልጅ ልጅ፣ ያን ቁልፍ እያየ ነው ያደገው። የበኩር ልጅ ነው። ቁመቱ ማረሻው እጀታ ላይ ሳይደርስ ማረስ ጀመረ፤ አጥሩን ያጠረው እሱ፣ ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ። አባቱ ሂንሪክ ግን ከእሱ ጋር የሚነጋገሩት “በሩን ዝጋው” እና “ነገ ይዘንባል” ብቻ ነበር። ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው እንዲሉ፣ ታናሹ ሎሬንዝ ተወለደ። ሎሬንዝ ገና ልጅ ሳለ ባዶ እጁን ቀፎ ውስጥ ከትቶ ሰፈፉን ያወጣል፤ አንዲት ንብ አትነካውም። ዲርክን ንብ የነደፈችው እንደሆነ ፊቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። አባትየው ታናሹን አይተው ፈገግ ሲሉ ዲርክ አንጀቱ ያርር ነበር።

ንብ የወደደው ለሰው አይሆንም መሰለኝ፣ ሎሬንዝ ሲጎረምስ ተበላሸ። ፒፓውን እያጨሰ የድርቆሹን ጎተራ አቃጠለ። የጎረቤት ፈረስ ሳያስፈቅድ ወስዶ፣ ሲጋልብ ውሎ፣ አንካሳ አድርጎ መለሰው። በመጨረሻም መሸታ ቤት ውስጥ የአንድ ሰው መንጋጋ በቢራ ኩባያ ሰብሮ ታሰረ። ሂንሪክ እሱን ለማስፈታት ዲርክ ከውርንጭላነታቸው ጀምሮ ያሳደጋቸውንና ለእርሻ የገራቸውን ሁለት በቅሎዎች ሸጡ። ዲርክን አላማከሩትም። ሎሬንዝ ተፈታ፤ አንድ እራት በላ፤ በማግሥቱ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከአጥሩ በር ቆመው መንገዱን ያያሉ። ዲርክ ከእርሻ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመለስ የሚገባው በዚያው በር ነው። አባቱ በትከሻው ላይ አሻግረው ያያሉ እንጂ እሱን አያዩትም። ሰው ላለ ልጁ ሳይሆን ለሌለው ልጁ በር ላይ ይቆማል? ዲርክ ይህን እያሰበ ሾርባውን ይጠጣል።

ታዲያ አንድ ጸደይ ሂንሪክ በሳምባ በሽታ ወደቁ። እናትየው ጌዚና በፈረስ ነጋዴ በኩል መልእክት ልከው ሎሬንዝን አስመጡት። ገባ፤ ከሳ ብሏል፤ መልኩ ግን ያው ነው። አባቱ ሌላውን ሁሉ አስወጥተው በሩን አዘጉ። ዲርክ ኮሪደሩ ላይ ማገዶ እንደሚደረድር ሰው አጎንብሶ አዳመጠ። መጀመሪያ ሹክሹክታ ነበር። ቀጥሎ ሳቅ መጣ። የሁለቱም ሳቅ! ዲርክ አባቱ ሲስቁ ድምፃቸው ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር። “ቁልፉን ለእሱ ሊሰጡት ነው” አለ በልቡ፤ ዓይኑ ደም ለበሰ።

በማግሥቱ ጠዋት ጌዚና መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከመኝታ ቤቱ ወጡ።

“ዲርክ፣ አባትህ! ትንፋሽ የላቸውም!”

ሎሬንዝ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። ቁልፉ የተሰቀለው እዚያው ኮሪደር ላይ ነው። ዲርክ ቀደመው። ወንድሙን በክርኑ ገፍቶ ቁልፉን ነጠቀና በጓሮ በር ወጣ። ወደ አባቱ ክፍል አልገባም። ማልቀሱ ይደርሳል ብሎ ነው። ቀፎዎቹን ቆረቆረ፤ “ጌታችሁ ሞቷል፤ ከእንግዲህ ጌታችሁ እኔ ነኝ” አለ፤ አያቱ ይዘውት ለመጡት አሮጌ ቀፎ ደግሞ ደገመለት።

ሲመለስ ሂንሪክ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሎሬንዝ ለካ የሮጠው ወደ አባቱ ነበር፤ አንሥቶ ጀርባቸውን ሲደልቅ ትንፋሻቸው ተመልሶ፣ አሁን በማንኪያ ሾርባ ያጠጣቸዋል። ሽማግሌው በዲርክ እጅ ያለውን ቁልፍ አዩት።

“ማን ሞተ?”

ዲርክ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

“ዓይኔን ሳትከድን?” አሉ ሂንሪክ።

“አባባ፣” አለ ሎሬንዝ፣ “ቀባሪዎቹ ሳይመጡ ሾርባዎን ይጨርሱ።”

“አንተ ዝም በል!” አሉ ጌዚና። “ዲርክ፣ ሂድና ለንቦቹ ንገራቸው።”

“ምን ብዬ?”

“ቸኩዬ ዋሸሁ ብለህ ነዋ!”

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ከአፍ የወጣ ግን አይለቀምም። ዲርክ ሲደርስ የአሮጌው ቀፎ መንጋ ወጥቶ ከፒር ዛፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ጸደይ ነው፣ ንብ በጸደይ ይወጣል፤ ግን ይህን ለዲርክ ማን ያስረዳዋል? እሱ ከሩቅ ቆሞ ሲያይ ሎሬንዝ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። መንጋውን ከነአውራው፣ የደረቀ ልብስ ከገመድ እንደሚያወርድ ሰው፣ ቀስ ብሎ አውርዶ ወደ ቀፎው መለሰው። “በኔ ውሸት ሄዱ፤ በእሱ እጅ ተመለሱ” አለ ዲርክ፤ ከሐፍረቱ ይልቅ ቅናቱ በላው።

ሂንሪክ በጋውን ከረሙ፤ ሎሬንዝም መሸታ ቤት ሳይረግጥ አብሯቸው ከረመ። ድንች በሚቆፈርበት ሰሞን ሽማግሌው በእውነት ሞቱ። ዲርክ በዚህኛው ቀን ከአልጋው አጠገብ ነበር። ዓይናቸውን ከደነ። ቁልፉን አነሣ። ወደ ንቦቹ ግን አልሄደም። ለወንድሙ ዘረጋለት።

“ውሰድ። ንቦቹም እሳቸውም የሚወዱት አንተን ነው።”

ሎሬንዝ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። “አልወስድም። አስምለውኛል።”

“ምን ብለው?”

“የመጣሁ ዕለት። ‘ወንድምህ ተናዶ ቁልፉን ቢሰጥህ እንዳትቀበል፤ አንተ እጅ ከገባ ቤቱን በዓመቱ ትጠጣዋለህ። ቤቱ የዲርክ ነው’ አሉኝ።”

“ስትስቁ ሰምቻለሁ እኮ!”

“ታዲያ ላልቅስ? እውነታቸውን ነው። ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ።” ሎሬንዝ ግድግዳውን ተደገፈ። “ስማ ዲርክ። ልጅ ሆኜ ማረሻውን አንድ ቀን ያስይዙኝ ብዬ ለምኛቸው ነበር። ‘አንተ ከንቦችህ ጋር ተጫወት’ አሉኝ። አጥር ላይ ተቀምጬ ከአባባ ኋላ ስታርስ ሳይህ ሆዴ እንዴት ይቃጠል እንደነበር ታውቃለህ?”

አያውቅም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የቀናበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲቀናበት ኖሯል። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስ አላለውም። ቤቱም መሬቱም የእሱ ነው፤ የአባቱ ሳቅ ግን የሎሬንዝ ነው።

ወደ ንቦቹ ሄደና ቆረቆረ። “ጌታችሁ ሞቷል። አሁን እውነቴን ነው” አለ። “ጌታችሁ እኔ ነኝ” የሚለውን ሳይጨርስ አንዲት ንብ ወጥታ የዓይኑን ቆብ ነደፈችው።

በቀብሩ ላይ ፊቱ ያለ ቅጥ አብጦ ነበር። “አቤት፣ አባቱን ሲወድ! ፊቱ እስኪያብጥ አለቀሰ” አሉ ጎረቤቶች። ሎሬንዝ አጠገቡ ቆሞ ሰማ፤ ምንም አልተነፈሰም። በማግሥቱም ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳይናገር ሄደ።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጌዚና ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ተጣሩ፤ ያን ሁሉ ዓመት ባላቸውን ይጠሩበት በነበረው ድምፅ።

“ና ግባ እንጂ! ሾርባው ቀዘቀዘ!”

“መጣሁ” አለ ዲርክ። ከአጥሩ በር ላይ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ባላበጠው ዓይኑ መንገዱን ያያል።