የፌኔት የአባት ስም

«ወርደህ ግፋ እንጂ ባህል! ምን ታየኛለህ?»

የህያ ነው፣ ባለባጃጁ። ከዓለም ገና ተነስተን የተፍኪን መንገድ ይዘን፣ ከአስፋልቱ ከወጣን አስር ደቂቃ ሳይሞላን ባጃጇ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ቁጭ አለች። ያለወቅቱ ዘነበ አይደል ትላንት? ያ አፈር ደግሞ አንዴ ከያዘህ ጫማህን እንኳን አይመልስልህም። ወርጄ እገፋለሁ፣ በአንድ እጄ ግን ፎርሙን ከፍ አድርጌ ይዣለሁ፣ እንዳይረጥብ። አስር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አስራ አንድ ላይ የፈተና ምዝገባው ይዘጋል።

«በአንድ እጅ ነው እንዴ የሚገፋው? ወረቀቱን አግብተኸዋል?»

«ዝም ብለህ ንዳ የህያ፣ በናትህ!»

ስሜ ጠፍቶት አይደለም ባህል የሚለኝ። ቢኒ እባላለሁ። ዓለም ገና አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የምሰራው። ፋብሪካ ሲተከል መሬታቸው የሄደባቸው ገበሬዎች አሉ፣ ለልጆቻቸው አስራ ሁለት የነፃ ቦታ ተሰጠ። ልጆቹ ቤታቸው አፋን ኦሮሞ ነው፣ ክፍሉ ደግሞ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። እና እኔን ቀጠሩኝ፣ «የባህልና ቋንቋ ድጋፍ ሰራተኛ» ብለው። እናቴ ማሪቱ ከጎንደር የመጣች ነጋዴ ናት፣ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ ሁለቱንም ቋንቋ ኳስ ሜዳ ላይ ነው የለመድኩት። ስራዬ ምንድነው? ልጆቹ በቋንቋቸው እንዳያፍሩ፣ ቤተሰብና ትምህርት ቤት እንዳይተላለፉ መሃል ላይ መቆም። ቢሮዬ በር ላይ ፖስተር ሁሉ ለጥፌያለሁ።

ፌኔት ከአስራ ሁለቱ አንዷ ናት። ስምንተኛ ክፍል። ሒሳብ ላይ አትቻልም፣ ሰሌዳው ጋ ስትወጣ መምህሩ ራሱ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ለክልል ፈተናው ስም ሲመዘገብ የልደት ካርድ ይታያል። የትምህርት ቤታችን መዝገብ «ፌኔት ሂርጳ» ይላል። የልደት ካርዷ «ፌኔት ቶሎሳ» ይላል። ግራ ገባኝና እናቷ አዴ ደስታነሽ ጋ ደወልኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ባላቸው ኦቦ ሂርጳ ልጅቷን የወሰዷት በጉዲፈቻ ነው፣ የስድስት ወር ልጅ ሆና። ቶሎሳ የሚባለው ወላጇ ነው። ክትባት ወረቀቷ ላይ የነበረው ስም ሳይቀየር ካርዱ ላይ ተገለበጠ። «ለአንተ ስለሆነ ነው የነገርኩህ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ብርቅዬ «ቀላል ነው፣ ሁለቱ ስም የአንድ ልጅ ነው ብሎ አባትየው ይፈርም» አሉ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ተማሪ ፌኔት የጉዲፈቻ ልጄ መሆኗን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» አሪፍ አማርኛ። አጠፍኩት፣ ለፌኔት ሰጠኋት፣ አባትሽን አስፈርሚ አልኳት።

እንዴት አታስብም በሉኝ። ለእኔ ጉዲፈቻ የሚያኮራ ነገር ነው እኮ! ፖስተሩ ላይ በቀይ ቀለም ጽፌዋለሁ፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ አውርቼበታለሁ። ልጅቷ አታውቅ ይሆን ብዬ ለአንዲት ደቂቃ አላሰብኩም። ደግሞ ኦቦ ሂርጳ አማርኛ ማንበብ አይችሉም። እዚያ ቤት የመብራት ወረቀት መጣ፣ የቀበሌ ጥሪ መጣ፣ የሚያነበው ማነው? ፌኔት። አባቷ አጠገብ ቁጭ አለች፣ ከፈተችው፣ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሲተረጎም ይለሰልሳል እንዳትሉ፣ ጉዲፈቻ የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው።

ያ ከትላንት ወዲያ ነው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ካልተመዘገበች አትፈተንም፣ ያልተፈተነ ልጅ ደግሞ የነፃ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የሷ እድሜ ያላቸው የሰፈሯ ልጆች አበባ እርሻ ላስቲኩ ውስጥ ነው ያሉት፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

ባጃጇ ወጣች። እኔ ግን ግማሹን ጭቃ ይዤው ነው የገባሁት።

ደጁ ላይ አዴ ደስታነሽ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው። «አካም ጅርቱ» ብዬ ሰላም አልኳቸው። አልመለሱልኝም። የምናወራው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ለእናንተ በአማርኛ ልጻፈው።

«አንተን ሰው ብዬ!» አሉኝ። «አስራ አራት አመት ጎረቤት ያልተነፈሰውን አንተ በወረቀት ላክህልኝ?»

«አዴ፣ ጥፋቴ ነው። እግርዎት ላይ ልውደቅ።»

«እኔ እግር ላይ ወድቀህ ምን ይጠቅማል? ግባና አባቷን ምን ብላ እንደምትጠራው ስማ። ኦቦ ሂርጳ ነው የምትለው። እንደ ጎረቤት! ኦቦ ሂርጳ ውሃ ላምጣልዎት? ትለዋለች።»

ወደ በረቱ አለፍኩ።

ኦቦ ሂርጳ በረት ውስጥ ናቸው፣ ላሟን እያከኩ። መሬቱ ሲሄድ የቀረቻቸው አንድ ላም ናት። ቀና ብለው አዩኝ።

«መጣህ፣ ባህል?»

«መጣሁ አባቴ። ይቅርታ ልጠይቅዎት፣ ደግሞ...»

«ደግሞ ላስፈርምዎት ልትለኝ ነው።»

«ጊዜ የለንም አባቴ። አዲስ ወረቀት ነው፣ ያ ቃል የለበትም።»

«ምን ይላል?»

ፎርሙን አየሁት። ሁለት ሳጥን አለው፣ «ወላጅ» እና «አሳዳጊ»። የልደት ካርዱ ቶሎሳ እስካለ ድረስ ወላጅ የሚለው ላይ እሳቸው ቢፈርሙ ሲስተሙ ይጥለዋል። ከሰዓት በፊት ሞክረነዋል።

«አሳዳጊ ነው የሚለው» አልኩ።

«አሳዳጊ» አሉ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው። «ይሄንን ቃል አውቀዋለሁ። ጥጃም አሳዳጊ አለው። አንተ ልጅ፣ እኔ ሽማግሌ ፊት በሬ አርጄ፣ ይቺ ከእኔ ተወለደች ብዬ ነው የተቀበልኳት። የዚያን ቀን ቶሎሳ ራሱ ልጄ ናት ማለት አቁሟል። ልጅህ አይደለችም ብሎ ቶሎሳ ያልደፈረውን እኔ በጣቴ ልፈርም?»

«ወረቀት ብቻ ነው አባቴ።»

«መሬቴም ሲሄድ ወረቀት ብቻ ነው ነበር ያሉኝ።»

 

ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ብርቅዬ ናቸው። «ቢኒ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ! ፎቶውን በቴሌግራም ላክልኝ እንጂ!»

«እምቢ አሉ።»

«እንዴት እምቢ? የልጃቸው ጉዳይ አይደለም?»

«የልጃቸው ጉዳይ ስለሆነ ነው።»

«አልገባኝም።» ቀጠሉና፣ «ስማ፣ የጣት አሻራ አይደል የሚያደርጉት? ጣት ሁሉ ጣት ነው። ገባህ?» ብለው ዘጉት።

የአሻራ ቀለሙ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። የራሴን አውራ ጣት አየሁት። ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

ፌኔትን ፍለጋ ጓሮ ዞርኩ። ጭዱ ክምር ስር ቁጭ ብላለች፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ። ለምን እንደለበሰችው አልጠየቅኳትም። አይኗ አብጧል።

«ቲቸር፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሩብ ጉዳይ ለአስራ አንድ።»

«በቶሎሳ መዝግበኝ።»

«ምን?»

«በልደት ካርዱ። ከካርዱ ጋር ከገጠመ የማንም ፊርማ አያስፈልግም አላልክም? ፌኔት ቶሎሳ። አለቀ።»

እውነቷን ነው። ያ መንገድ ክፍት ነው። ለአባቷ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

«ፌኔት፣ ስሙ ሰርተፍኬትሽ ላይ ለሁልጊዜ ነው የሚቀመጠው።»

«እውነቱ እሱ አይደል?»

«አባትሽ...»

«የትኛው?» አለችኝ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም እኮ! ቢንቀጠቀጥ ይሻለኝ ነበር። «ቶሎሳን አላውቀውም። መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም። ግን ፈተናውን መፈተን አለብኝ። እሳቸው እምቢ ካሉ ምን ላድርግ? ንገረኝ፣ አንተ ነህ ያመጣኸው።»

ኦቦ ሂርጳ ከኋላችን ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላየሁም። ሰምተዋል፣ ከፊታቸው ያስታውቃል። እሷም አየቻቸው፣ ተነሳች፣ አይኗን መሬት ላይ አደረገች።

«ኢንተላ ኮ» አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው።

ከዩኒፎርሟ ላይ ጭዱን ታራግፋለች።

«የቶሎሳን ስም ከጻፍሽ አልቆጣሽም» አሉ። «ቤቱም ቤትሽ ነው፣ ላሟም ያንቺ ናት። ግን ሰው ልጅ አለህ ወይ ሲለኝ ከዛሬ በኋላ ምን እላለሁ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«እንግዲያው ይፈርሙልኝ!» ጮኸች። «ይፈርሙና ልፈተን! አንድ ጣት ነው! ስለ እኔ አንድ ጣት!»

እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁት። ትልቅ ሰው፣ እንደ ህፃን፣ እጃቸውን ወደ ኋላ።  አዴ ደስታነሽ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አነሳሁት።

«ቢኒ፣ ስድስት ደቂቃ። ገጹን ከፍቼዋለሁ። ወይ ፎቶውን ላክ፣ ወይ ካርዱ ላይ ባለው ስም ላስገባት፣ ወይ እዘጋዋለሁ። ሌላ ልጅ ደግሞ ወረፋ ላይ አለ። በማን ስም ልጻፋት?»

ፌኔት «ቶሎሳ በል» ትለኛለች። አባቷ ያዩኛል። በኔ ጣት ፈርሜ ብልክ ልጅቷ ትፈተናለች፣ ኦቦ ሂርጳ ግን በማያውቁት ወረቀት አሳዳጊ ተብለው ይቀራሉ፣ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ። ቶሎሳ ብል አንድ አባት ደጃፉ ላይ ቆሞ ልጁን ያጣል። ዝም ብል አበባ እርሻው።

«ቢኒ? አለህ?»

አለሁ አልኩ።  እናንተ እዚያ ጓሮ ብትቆሙ፣ ስልኩ ጆሯችሁ ላይ ሆኖ፣ በማን ስም ትሉ ነበር?