የባለፋብሪካው ሪዝ

ሰውዬው ከእህቱ ጋር ስደት ሲወጣ የያዘው ሙያውን ብቻ ነበር፤ ሐውልት ይቀርጻል፣ ሥዕል ይስላል። በሰው አገር ግን ማን ከቁብ ቆጥሮት። መጀመሪያ ግድግዳ ቀባ። ቀጥሎ የሱቅ ታፔላ ሠራ። ለአንድ ሥጋ ቤት የሳላት ላም ዓይኗ አንጀት ስለሚበላ ገበያተኛው አዝኖ ይመለስ ጀመር፤ እሱም ተባረረ።

ዛሬ የአንድ ጡብ ፋብሪካ ባለቤት ራሱ ቀራፂው ፊት አግዳሚ ላይ ተጋድሟል። የሚሠራለት ሐውልት ካማረ በቀራፂነት ሊቀጥረው፣ ለመኖሪያ ፈቃዱም ዋስ ሊሆነው ቃል ገብቷል። ካላማረ ፈቃዱ በዚሁ ወር ያበቃል፤ ጓዙን ጠቅልሎ መውጣት ነው።

የፊቱን ቅርጽ ለመውሰድ በጄሶ ሸፍኖታል፤ መተንፈሻ ቱቦ አፍንጫው ውስጥ ሰክቷል። ጄሶው ደረቀ። ቀራፂው ጠርዙን ይዞ ቢስበው አልመጣም። ደግሞ ሳበው። ከሥር "እምምም" የሚል ድምፅ ወጣ።

ጄሶ የምታቦካለት እህቱ ጠጋ አለች። "ወንድምዬ፣ ቅንድቡን ቫዝሊን ቀብተኸዋል?"

"አዎ።"

"ሪዙንስ?"

ቀራፂው ከፍርሃቱ ብዛት ግንባሩን ሁለቴ ሲያሸው ሪዙን ዘሎታል።

"በል ሻንጣህን ላውርድልህ።"

"ዝም በይ፣ ይሰማል።"

"በዚያ ሁሉ ጥጥ? ጆሮውን እኮ አንተው ነህ የደፈንከው።"

ባለፋብሪካው አግዳሚውን በእጁ ይደበድብ ጀመር። ቀራፂው ቀጭኗን መቀስ ከጄሶው ሥር አስገባ። ከንፈሩን ብቆርጠውስ እያለ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ፀጉሩን ጥቂት በጥቂት ቆረጠ። ጄሶው ተላቀቀ። ሪዙ እንዳለ ጄሶው ላይ ቀረ።

የሪዙ ቦታ ላይ፣ ከአፍንጫው እስከ ከንፈሩ፣ የጠማማ ስፌት ጠባሳ ወጣ። ሲወለድ ተሰንጥቆ በልጅነቱ የተሰፋ ከንፈር ነበር። ባለፋብሪካው በመዳፉ ሸፈነው፤ ጥጡንም ነቀለ።

"ምን አየህ?"

ቀራፂው ዓይኑን ጄሶው ላይ ተከለ። "ጄሶ ነው ያየሁት፣ ጌታዬ።"

"እሷስ?"

"እኔማ ሳቦካ ቀና አልልም" አለች እህት ሆዬ።

ባለፋብሪካው ሁለቱንም በየተራ አያቸው።

"ሐውልቱን ከነሪዙ ትሠራዋለህ። ተቀጥረሃል፤ እሷም ተቀጥራለች። የምትኖሩት እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ነው። እኔ ሳልፈቅድ ከበሩ ውልፍት የለም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ቀራፂው።

ዘበኛው ትልቁን በር ቆለፈና ቁልፉን ለጌታው አመጣ።

"ይኸው፣ ቀራፂ ሆንክ። ደስ አይልህም?" አለች እህቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ቀስ በይ" አላት፣ ዓይኑን ከቁልፉ ሳይነቅል። "አሁን ጆሮው ውስጥ ጥጥ የለም።"