የምሕረት አባት

«እትየ ዓባይነሽ፣ የባለቤትዎን ሙሉ ስም ለቃለ ጉባኤው ይንገሩን» አለ ሰብሳቢው ወንዳወቅ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

«የምሕረት አባት» አለች ዓባይነሽ፣ እሷም ለሁለተኛ ጊዜ።

ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ሳቁ፤ አሮጊቶቹ ግን አልሳቁም። በእነሱ ዘመን ሴት ባሏን በስሙ አትጠራም። ዓባይነሽም መጀመሪያ «እርስዎ»፣ ልጅ ሲወለድ ደግሞ «የምሕረት አባት» ስትል ነው የኖረችው።

ለቡሬ አደባባይ ስም መለዋወጥ አዲሱ አይደለም። ጥንት ሾላው ሥር ይባል ነበር። ኋላ የአንድ ደጃዝማች ሆነ፤ እሳቸው ሲሻሩ አብዮት ተባለ። ዛሬ ሁለት ስም ቀርቦለታል፤ አንደኛው ልማት፣ ሁለተኛው በቀይ ሽብር ጊዜ እዚያው አደባባይ ላይ የተረሸነው የመምህሩ፣ የዓባይነሽ ባል ስም። የሰው ስም ለድምፅ እንዲበቃ ግን ያየ ምስክር ቆሞ ሊጠራው ይገባል። ካዩት በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ካልጠራችው አደባባዩ ልማት ሆኖ ይቀራል።

«መቼም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ እትየ» አለ ወንዳወቅ። ስብሰባ መምራት የለመደ ሰው ተረት አያጣም።

ምሕረት የእናቷን እጅ ያዘች። «እምየ፣ ዛሬ እንኳ ጥሪው። ለእኔ ስትይ።»

ዓባይነሽ እምቢተኛ ሆና አልነበረም። ባልን በስሙ መጥሪያው አንድ ቀን ነው፤ የለቅሶው ቀን። ያን ቀን ሚስት ደረቷን እየደቃች እስኪወጣላት ትጠራዋለች፣ ማንም አይቆጣትም። እሷ ግን ያኔ ማልቀስ ተከልክላ ነበር። ያለቀሰ ይታሰራል ስለተባለ፣ የአራት ወር ልጅ ታቅፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ አስከሬኑን አይታ ወደ ቤቷ ገባች። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

«ሳይለቀስ ይጠራል?» አለች ቀስ ብላ።



ዓባይነሽ ተነሳች። «ያረጋል» አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ያረጋል አድማሴ። ያረጋልዬ...» እጇ ሳታዝዘው ወደ ደረቷ ሄደ።

ጸሐፊው የሟቹ አባት ስም እንዲደገምለት ቀና ቢልም የሚሰማው አላገኘም። ከመካከል አንዲት አሮጊት ተነሥታ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቀዘቀች፤ ከጎኗ ያለችውም ተከተለቻት። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወንዳወቅ የድምፅ መስጫውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቶ ከመድረኩ ወረደ፤ አንገቱን ደፍቶም ከለቀስተኞቹ መካከል ተቀመጠ።