ዋና አሰልጣኝ

የብርድ ልብስ ፋብሪካው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አሰልጣኙ ትቶት ስለሄደ፣ በሩ ላይ «ዋና አሰልጣኝ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ያኔ ስታሠለጥንበት የነበረው መዋኛ ተዘግቶባት ሥራ የፈታች አንዲት ዋናተኛ አየችውና እየሮጠች ገባች።

«ልምድ አለሽ?» አላት የስፖርት ኃላፊው።

«ሞልቶ! ልጅ አዋቂ ሳልል አሠልጥኛለሁ። ገንዳው በየት በኩል ነው?»

«የምን ገንዳ?»

«የዋናው ነዋ!»

ሰውዬው ነገሩ ሲገባው ሳቁ አፈነው። «እህቴ፣ ‹ና›ዋን አጥብቂያት እንጂ! የቡድኑን የበላይ አሰልጣኝ ማለታችን ነው። እኛ ጋ ያለው መረብ ኳስ ነው።»

እሷ ግን አልሳቀችም። «ሌላ ያመለከተ ሰው አለ?»

«እውነቱን ልንገርሽ? ማንም የለም።»

«እንግዲያው ቡድኑን ልየው።»

ሴቶቹ ሲጀምሩ እሳት ናቸው። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ፣ ጉልበታቸው ቄጤማ ሆነ። «ኳሱን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ትንፋሹን ለእኔ ተዉት» አለቻቸው።

በማግስቱ ሳፋ ውኃ ሞልታ በየፊታቸው ደረደረች። ፊታቸውን እየነከሩ፣ አየሩን ቀስ አድርገው እንዲያስወጡ አዘዘች።

«ጉድ ፈላ! ዓሣ ልታደርገን ነው እንዴ?» አለች ከቁመቷ የተነሣ «መሰላል» የሚሏት የቡድኑ አምበል።

«ና» ስለላላችባት ሁሉም «እትዬ ላላ» ይሏት ጀመር። ስሟ ይላላ እንጂ ልምምዷ ወገብ የሚቆርጥ ነበር። ያጉረመረሙትም ውለው አድረው ደረጃ ሲወጡ ማለክለካቸው መቅረቱን አዩ፤ ከዚያ ወዲያ ሳፋውን ራሳቸው ይሞሉት ገቡ።

የዋንጫው ዕለት የገጠማቸው ሁልጊዜ የሚያሸንፋቸው የባቡር ጣቢያው ቡድን ነው። ሁለት ለሁለት ሆነው የመጨረሻው ዙር ጀመረ። ተጋጣሚዎቻቸው ጉልበታቸውን ይዘው ያለከልካሉ። የፋብሪካው ሴቶች ግን አፋቸውን ገጥመው፣ በአፍንጫቸው እየተነፈሱ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ገና አልደከመንም እኮ!» አለቻት መሰላል፣ የራሷ ነገር ራሷን እየገረማት።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጨርሺያታ!»

ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ሲቀራቸው መሰላል ዘላ ኳሱን መታችው። ኳሱ መሬት ነክቶ ሲነጥር አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሴቶቹ አሰልጣኛቸውን ብድግ አድርገው ወደ ላይ ወረወሯት።

«ኧረ አውርዱኝ! ልትጥሉኝ ነው!» ትላለች እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ማን ሰምቷት! አንዴ ደግመው ወረወሯት።