ኦቦ ቦናያ በሐሙስ ምሽታችን

ቱግ ባይ መሆኔን መላው የነገሌ ከተማ ያውቀዋል። ሕጉን ያወጣሁት በንዴት ነው ብል የሚገርመው ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተርና ኔትወርክ የምንጠብቅ፣ ሰው ባጭሩ «አይቲዎቹ» የሚለን፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ እኔ በምሠራበት ኮሌጅ አንድ ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን። አንዱ ስለ ሥራው ይናገራል፣ ሌላው ይጠይቃል፣ እንከራከራለን። መጀመሪያ ሰሞን ታዲያ ጨዋታው ሞቅ ሲል የአንዱ ስልክ ይጮኻል። «ሰርቨር ወድቋል፣ መጣሁ» ብሎ ይወጣና በዚያው ይቀራል። ሰውየውን የፈለገ ሰርቨሩ ጋ ሳይሆን ጫት ቤት ነው የሚያገኘው።

አንድ ሐሙስ ደሜ ፈላና ብድግ ብዬ ደነገግሁ፦ ከእንግዲህ እዚህ ክፍል ውስጥ ስልኩ የጮኸበት ሰው ስፒከር ላይ አድርጎ፣ ሁላችን እየሰማን ያናግራል። እውነትም ሰርቨር ከወደቀ አብረን እናነሳዋለን። በሳምንቱ የሙሉነህ ስልክ ጮኸና ባለቤቱ «ሽንኩርት እንዳትረሳ፤ ደግሞ እንደ ባለፈው የበሰበሰ ጭነህ እንዳትመጣ» አለችው። ሳቁ ለጉድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ገና በር ላይ ስልኩን ማጥፋት ለመደ።

ሕጉ የኔ ይሁን እንጂ ምሽቱ የኢቢሴ ነው። ኢቢሴ የያቤሎ ልጅ ናት፤ ከመናኸሪያው በላይ ባለው ክሊኒክ የበሽተኞች ካርድ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር ትጠብቃለች። ሰዉን የምትጠራው እሷ፣ ተናጋሪ የምትለምነው እሷ፣ እኔ ተቆጥቼ ያባረርኩትንም ቤቱ ድረስ ሄዳ አባብላ የምትመልሰው እሷ። እሷ ባትኖር ብቻዬን ከወንበሮቹ ጋር ስጣላ ታገኙኝ ነበር።

ይህቺው ልጅ በዚያ ሰሞን ፊቷ ጠቁሮ መጣችና «ሐሙስ አባቴ ይመጣል» አለችኝ።

«እሰየው! ይሄ ምኑ ያስከፋል?»

«ሊወስደኝ ነዋ፣ ጋሼ ኃይለመስቀል። ያቤሎ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከፍቷል፤ ‹መጥተሽ ያዥው› ይለኛል። ‹ሰው የማያየው ሥራ ምን ሥራ ነው?› ይላል።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔማ ሥራዬን እወዳለሁ። ግን አባቴን እምቢ ብዬው አላውቅም። ሐሙስ ተናጋሪዋ እኔ ነኝ፤ አንዴ ስማኝ ብዬ ለመንኩት። ሰምቶኝ ካልጣመው ዓርብ አብሬው እሄዳለሁ።»

ለመቆጣት እንኳ የምቆጣው ሰው አጣሁ።

ሐሙስ ኦቦ ቦናያ መጡ። የከብት ነጋዴ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በትራቸው ከእጃቸው የማትለይ። «አካም? ናጋ?» እያሉ እያንዳንዳችንን ጨበጡን፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ከፊት አስቀመጥናቸው። እኔም እንደ ልማዴ የስልኩን ሕግ አሰማሁ፣ ወደሳቸው ዞር ሳልል። እንዲህ ያሉ አባትን «ስልክዎን ያጥፉ» ለማለት ምን ቆርጦኝ!

ኢቢሴ ጀመረች። ባለፈው ዝናብ መብረቅ የክሊኒኩን ዋና ኮምፒውተር አቃጥሎት ነበር። እሷ ግን ማታ ማታ ካርዶቹን ሁሉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ትገለብጥ ስለነበር፣ ጠዋት የመጣ በሽተኛ ስሙን ተናገረ፣ ካርዱ ወጣለት፣ ታክሞ ሄደ። ታሪኩ ይሄ ነው፤ ግሩም ታሪክ ነው። ምን ያደርጋል፣ ኢቢሴ ስትፈራ ቃሏ ሁሉ ፈረንጅኛ ይሆናል። «ባክአፕ» አለች፣ «ሪስቶር» አለች፣ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ኦቦ ቦናያ ጣራ ጣራውን ያያሉ። በቃ፣ ልጅቷ ሄደች አልኩ በሆዴ።

ይሄኔ ስልክ ጮኸ። የትኛው ባለጌ ነው ብዬ ቱግ ብዬ ስዞር፣ የጮኸው የኦቦ ቦናያ ኪስ ነው። ውሃ ሆንኩ።

«ግድ የለም ኦቦ ቦናያ፣ ውጭ ወጣ ብለው ያናግሩ» አልኳቸው። «ሕጉ እንግዳን አይመለከትም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሕጉ ሲነገር እዚሁ ነበርኩ» አሉ። «ሲነገር ዝም ብዬ፣ ሲደርስብኝ ልሸሽ? እኛ ቦረናዎች እንዲህ አናደርግም።» ስልኩን ለልጃቸው ዘረጉላት። «ለሁሉም የሚሰማውን አንቺ ክፈቺው፤ እኔ አላውቅበትም።»

ኢቢሴ ነካ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አባ ሶራ!» አለ የሴት ድምፅ በኦሮምኛ። አዴ ሎሚ፣ የኢቢሴ እናት ነበሩ፤ ባላቸውን በወንድ ልጃቸው በሶራ ስም ነው የሚጠሩት። ኦሮምኛ የማይሰማ ደግሞ ከመካከላችን አንድም የለ። «ተናገረች? ገባህ? አልገባህም፣ አውቃለሁ። አሁን እኔን ስማኝ። ልጅቷን ሱቅ ሱቅ እያልክ አታስጨንቃት። ናፍቃሃለች፤ ናፍቀሽኛል በላትና ይውጣልህ። ሱቁንማ ሶራ ‹ለኔ ስጠኝ› እያለ እግርህ ላይ ወድቋል።»

ኦቦ ቦናያ እጃቸውን ወደ ስልኩ ሰደዱ፤ የቱን እንደሚነኩ ግን አላወቁም።

«ደግሞስ ካመጣሃት በምን ልትኩራራ ነው?» ቀጠሉ አዴ ሎሚ። «ከብት ገበያ ላይ ‹ያለ እኔ ልጅ ነገሌ ላይ በሽተኛ አይታከምም› ያላልከው ሰው አለ? ያልሰሙህ ግመሎቹ ብቻ ናቸው። ነገ ሱቅ ተቀምጣ ሚስማር ስትመዝን ምን ብለህ ጉራህን ልትነዛ ነው?»

ኢቢሴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። የኢንተርኔት ቤቱ ዓብዱልባሲጥ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ ትን አለው። እኔ ከንፈሬን ነክሼ መሬት መሬት አየሁ።

«ሎሚ» አሉ ኦቦ ቦናያ በቀስታ፣ «ሰው አለ።»

«የምን ሰው?»

«ሁሉም ሰው።»

አዴ ሎሚ ቅንጣት ሳያፍሩ፣ «እሺ፣ ናጋ ናችሁ ልጆቼ?» አሉን።

«ናጋ!» አልናቸው ባንድ አፍ።

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ኦቦ ቦናያ ናቸው። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው ከልባቸው ሳቁ። እኛም ሳቃችንን ለቀቅነው። ሙሉነህ እንባውን እየጠረገ «እኔ የሽንኩርቱ ነኝ፣ አይዞዎት» አላቸው።

ሳቁ በረድ ሲል ኦቦ ቦናያ ተነሥተው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እናትሽ ልክ ናት» አሉ። «ናፍቀሽኛል።» በቃ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «ሱቁን ሶራ ይያዘው። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ ግን ቶሎ ቶሎ እየመጣሽ ዓይንሽን አሳዪኝ።»

ኢቢሴ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ መስኮቱን እንደሚከፍት ሰው ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

«አንድ ነገር ግን አለ» አሉ አባት፣ ተመልሰው እየተቀመጡ። «ከተናገርሽው አንዱም አልገባኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ጉራውን ስነዛ የኖርኩት ሳላውቅ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው በኦሮምኛ ንገሪኝና አውቄ ልንዛው።»

ሰዓታችን አልቆ ነበር። ሰዓት ሲያልፍ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ወንበሬን ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ኢቢሴ ዓይኗን በሻርፕዋ ጠርጋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና፣ አንድም የፈረንጅ ቃል ሳይቀላቀልበት ስለ ካርዶቹ፣ ስለ መብረቁ፣ ማታ ማታ ስለምትገለብጠው ሁሉ አጫወተቻቸው። ድምፅዋ አሁን አልተንቀጠቀጠም።

ኦቦ ቦናያ አገጫቸውን በትራቸው ላይ አስደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«እና ያን ጠዋት ያንቺ ሥራ መሆኑን ማንም አላወቀም?» አሏት።

«ማንም፣ አባ።»

«እንግዲያው አሁን ያቤሎ ያውቃል» አሉ።