ሩብ ሰዓት የምትቀድመው ሰዓቴ

እኔ ቤት ያለው የግድግዳ ሰዓት ሩብ ሰዓት ይቀድማል። ተበላሽቶ አይደለም፤ ያስቀደምኩት እኔው ነኝ። ባለቤቴ ፖስተኛ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በብስክሌት ደብዳቤ ሲያድል የኖረ ሰው። ጠዋት ጠዋት አልጋው ላይ ይንደላቀቅና ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ብድግ ብሎ ቁልቁለቱን እንደ ናዳ ይወርደዋል። አንድ ቀን ፍሬኑ አልይዝ ብሎት ከዳቦ ቤቱ በር ጋር ተላተመና ትከሻው ተሰበረ። ያን ዕለት ወንበር ላይ ወጥቼ ሰዓቱን ወደፊት ገፋሁት። እንዳልጋለጥ ብዬ የእጅ ሰዓቴንም አብሬ አስቀደምኩ። ከዚያ በኋላ ቀደም ብሎ ይወጣል፣ ፍሬን እየያዘ ይወርዳል፣ እኔም በመስኮት አይቼው እፎይ እላለሁ።

አታለልኩት ብዬ ስደሰት ኖርኩ። ለካ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቅ ኖሯል፤ የነገረኝ ታሞ ከተኛ በኋላ ነው። ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እኔ ሰዓት ስናገር ሁሉም በሆዱ አስራ አምስት ደቂቃ ይቀንሳል። ከሱ በቀር ነገሩን በግልጽ ያነሳው ሰው ግን የለም፤ እኔም አላነሳሁትም። እንዲሁ ተከባብረን ኖርን።

አሁን እሱ የለም። ያለችኝ የልጅ ልጄ ናት። ገና በዘጠኝ ዓመቷ እናቷ ሞታባት እኔና እሱ ነን ያሳደግናት። አያቷ "ጥድፊያ" ይላት ነበር፤ የጫማዋን ክር ሳታስር የምትሮጥ፣ ሳታኝክ የምትውጥ ልጅ ነበረችና። ዛሬ መነጽር ቤት ተቀጥራ መስታወት ስትሞርድ ትውላለች፣ የአራት ዓመት ልጅም አላት፤ ጥድፊያ የሚለው ስም ግን አልለቀቃትም።

ይህቺ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት መጥታ፣ "እማማ፣ ውድድር ልገባ ነው። ሐይቅ ውስጥ ሁለት ኪሎ ሜትር ዋና፣ ከዚያ ዘጠና ኪሎ ሜትር በብስክሌት፣ ከዚያ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ" አለችኝ።

"በስንት ቀን?" አልኳት።

"በአንድ ቀን።"

"ማን አባሮሽ?"

ሳቀች እንጂ አልሰማችኝም። አምና የፈራሁት ደረሰ። ብስክሌቱ ላይ ሰውን ሁሉ እየቀደመች በረረችና ሩጫው አስራ አራተኛ ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ እግሯ ታጠፈ። ያገኘኋት ድንኳን ውስጥ፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ ነው። ያን ቀን የለበስኩትን ቀሚስ እስከ ዛሬ አልደገምኩትም። ሁለት ቀን ተኝታ በሦስተኛው፣ "በሚቀጥለው ዓመት እጨርሰዋለሁ" አለች።

"ልጅሽን ማን ሊያሳድግልሽ ነው? እኔ እንደሆነ አንድ እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው።"

"እማማ፣ ያ እግርሽ እኮ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ጉድጓድ ውስጥ ነው።" ከዚያ ግን እጄን ያዘችኝ። "አንዴ ብቻ። ቃሬዛ ላይ ካየሽኝ ወይም ሰዓት አልፎ የማብቂያው በር ከተዘጋብኝ ሁለተኛ ስሙን አላነሳም።"

ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጠፈች። ሰኞ እረፍት። ማክሰኞና ሐሙስ በምሳ ሰዓት ዋና፤ ፀጉሯ ሳይደርቅ ተመልሳ ደንበኛ ታስተናግዳለች። አንድ ቀን መነጽር ሊያስለኩ የመጡ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ ውጭ ዝናብ ጣለ እንዴ?" ብለው ጃንጥላ ሊለምኑ ተነሡ አሉ። ረቡዕ ልጇን መዋዕለ ሕፃናት አድርሳ እስከ ሥራዋ በሩጫ። አርብ ከሥራ ስትመለስ ብስክሌቱን ሳሎን ውስጥ ብረት ማቆሚያ ላይ አስራ ባለችበት ትጋልባለች። ቅዳሜ ረጅሙ ጉዞ ነው። ያን ቀን ልጇ ሚጢጢ ከኔ ጋር ትውላለች፤ እኔ ደግሞ ከመስኮቱ ጋር።

አሰልጣኟ የመዋኛ ገንዳው ጠባቂ ነው። "በትንፋሽሽ ሂጂ" አላት። "ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።" ይህን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። ፖስተኛው ዕድሜ ልኩን ያደረገው ይህንኑ አይደል? ዳገቱን ሲወጣ ያንጎራጉራል፤ ዜማው ሲቆራረጥበት ወርዶ ይገፋል። ወጣቶቹ ፖስተኞች፣ "ሽማግሌው ደከመ" ብለው ሲያሾፉበት፣ "የመጨረሻው ቤት ሰውዬም ደብዳቤውን ይፈልጋል" ይላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ያ ማንጎራጎሩ ከታች ከመንገዱ ይመጣልኝ ነበር። ዜማው ካልተቋረጠ ደህና ነው፤ ከተቋረጠም እየገፋ ነው። ባል እንዲህ በጆሮ ይጠበቃል።

አርብ አርብ ከብስክሌቱ ፊት ወንበር ስቤ ሹራቤን ይዤ እቀመጣለሁ። ሰንሰለቱ ሲንሿሿ ዓይኔን ከጨፈንኩ እሱ ግቢው በር ላይ የደረሰ ይመስለኛል። ግን አልጨፍንም፤ ሥራ አለብኝ።

"ዛሬ ምሳ ምን በላሽ?"

"ዳቦ በእንቁላል በላሁ፤ ግማሹን ግን ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠኋት።"

"ለምን ትሰጫታለሽ?"

"እሷ... ረስታ..."

"ፈጠንሽ። ቀንሺ።"

"እማማ፣ ይሄ ልምምድ ነው ወይስ የፖሊስ ምርመራ?"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉ በር አይዘጋበትም።"

በሩ መዘጋቱ እውነት ነው። ውድድሩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይጀምራል፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ የማብቂያው በር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የደረሰ እንዳልጨረሰ ይቆጠራል። እውነቱን ለመናገር፣ በተዘጋባትና በተገላገልኩ ብዬ የተመኘሁበት ቀን ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ውድድሩ ሲቃረብ አሰልጣኙ ሌላ ነገር አመጣ። "አምና የገደለሽ ሰዓትሽ ነው። ዘንድሮ ሰዓት አታስሪም። በሩጫው ሦስተኛ ዙር መግቢያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሰዓት ትጠይቂያለሽ።"

"ማንን?"

"የምታምኚውን ሰው።"

ወደኔ ዞረች። የልጅ ሕይወት በእጄ አንጓ ላይ ታሰረ ማለት ነው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ከፍቼ የእጅ ሰዓቴን ከዜና ሰዓቱ ጋር ልክ አደረግሁት። እንዲህ ከቀደመ ስንት ዓመቱ ነው? ከአርባ በላይ። ለእንዲህ ያለ ቁም ነገር ውሸታም ሰዓት አይሆንም አልኩ። ልነግራት ግን አፌ እምቢ አለ። ምን ብዬ ልጀምር? "ሰዓቴ ይዋሽ ነበር፤ ዛሬ ታርሟል" ልበላት? ያን ሁሉ ዓመት ሳንነጋገርበት ኖረን? ጠዋት ሐይቁ ዳር ደፍሬ፣ "ስሚ ልጄ፣ ሰዓቴን..." ስል፣ "እማማ፣ ዛሬ ምክር አትጨምሪልኝ፣ ሆዴ ሞልቷል" አለችኝና ኮፍያዋን አጥልቃ ሄደች።

ውሃው ላይ ጭንቅላቶቹ እንደ ተበተነ ባቄላ ይታያሉ። የኔዋን መለየት አልቻልኩምና ሁሉንም ስጠብቅ ቆየሁ። ወጣች። ብስክሌቷን ይዛ ሄደች። ከብስክሌቱ ስትመለስ ፊቷ ወዝ ነበረው፤ አምና ይሄን ጊዜ አመድ መስላ ነበር። ሩጫው ሰባት ሰባት ኪሎ ሜትር እየሆነ ሦስት ዙር ነው፤ እኔና ሚጢጢ ዙሩ የሚጀምርበት ቆምን። አንዱን ዙር ጨርሳ ስታልፍ፣ "ደህና ነሽ?" አልኳት።

"ደህና ነኝ፤ ሚጢጢ ምሳዋን ጨረሰች ወይስ አስቸገረችሽ?"

ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ትንፋሼ ተመለሰ።

ሁለተኛውን ጨርሳ ስትመጣ ግን ያው የአምናው ፊት ነው። አንገቷ ላይ ላቧ ደርቆ ጨው ሠርቷል፤ እየተጣደፈች ነው።

"ደህና ነሽ?"

"ደህና።"

አንድ ቃል።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ።

"ስምንት ከሠላሳ ስምንት።"

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ ፈገግ አለች፣ ሩጫዋን ትታ ወደ ውሃው ጠረጴዛ በእግሯ ተራመደች። ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። እኔ ከሰፋሁላት ኪስ ቴምር አውጥታ በእርጋታ አኘከች። ጥድፊያ አኘከች።

ያኔ ነው የገባኝ። ቀንሳለች። አስራ አምስቱን ቀንሳ ስምንት ከሃያ ሦስት ነው ብላለች። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ የቀራት ልጅ ከአንድ ሰዓት በላይ አለኝ ብላ ቴምር ታኝካለች።

"ሰዓቱ ልክ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"እሺ እማማ፣ ልክ ነው" ብላ እጇን አውለበለበችልኝና እየተዝናናች ዱብ ዱብ አለች።

ሞተር ብስክሌት ላይ የተቀመጠውን አስተናባሪ ክንዱን ያዝኩት። "ልጄ፣ ያቺን መቶ አስራ ሁለት ቁጥር ድረስባትና ሰዓቱ ልክ ነው በልልኝ።"

"ሰዓቱማ ልክ ነው እናቴ።"

"ለኔ አይደለም፣ ለሷ ንገራት።"

"ከዚህ ቦታ መነሣት አልችልም። ደግሞ ሰዓቱ ልክ ከሆነ ምኑ ነው ችግሩ?"

ምን ብዬ ላስረዳው? የቤታችንን ጉድ ለማያውቅ ሰው።

ሚጢጢን እየጎተትኩ ወደ ማብቂያው በር ሄድኩ። ከበሩ በላይ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል። ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ዘጠኝ ከሃያ። በሩ ይዘጋባት ብዬ የተመኘሁባትን ቀን ረገምኳት። አጥሩን ተደገፍኩ። ዘጠኝ ከሃያ አምስት።

መጀመሪያ ያወቃት ጆሮዬ ነው። ከመታጠፊያው ወዲያ አንድ የሚንጎራጎር ነገር መጣ፤ ያልተቆራረጠ። የፖስተኛው የዳገት ዜማ። ስትታጠፍ ቀና ብላ ሰዓቱን አየችና ዜማው ቀጥ አለ። ያችን የመጨረሻ ቁልቁለት እንደ ናዳ ወረደቻት። በሩ ሊዘጋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ገባች፤ በገዛ እግሯ።

ሣር ላይ ተዘርራ፣ "አስራ ሰባት ደቂቃ ይተርፈኛል ብዬ ነበር እኮ" አለች።

"ሰዓቴን አስተካክዬው ነበር" አልኳት። "ሩብ ሰዓት ይቀድም ነበር።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣ። እስኪያስላት ሳቀች።

"እንኳን አልነገርሽኝ። እውነቱን ባውቅ እንደ አምናው እበር ነበር፤ እዚያችው ቦታ ላይ እወድቅ ነበር።" ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና፣ "አባባ ያቺን ሩብ ሰዓት ምን ያደርግባት እንደነበር ታውቂያለሽ?"

"ቀስ ብሎ ይሄድባታል።"

"ቀስ ብሎም ሄዶ ትተርፈው ነበር። ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ድልድዩ ሥር እንቀመጣለን። እሱ ደብዳቤዎቹን በየመንገዳቸው ይደረድራል፣ እኔ የጫማዬን ክር አስራለሁ። ወንዙን እናያለን። 'ይቺን አያትሽ ናት የሰጠችን፤ እንዳትነግሪያት፣ ካወቀች ትወስድብናለች' ይለኝ ነበር።"

በመስኮት የማየው እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ነበር፤ ድልድዩ ከዚያ ወዲያ ነው።

ቤት ስንገባ የእጅ ሰዓቴን ከግድግዳው ሰዓት ጋር መልሼ አስተካከልኩት። እሷ ወደ ማቀዝቀዣው ሄዳ የልምምድ ወረቀቱን ልትገነጥል እጇን ዘረጋች፤ ቆም አለችና ተወችው። ያላየኋት መስሏታል። እንግዲህ ስለሚቀጥለው ዓመት መጨነቅ ልጀምር።