ንድፉ ላይ የሌለው ጩኸት

ታላቅየዋ እህት የተዝረከረከ ሽቦ ነፍሷ አይወድም። ሬዲዮ ጠጋኝ ናት፤ ከእጇ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ሆዱ ሲከፈት ሽቦው አንድ ላይ ተጎንጉኖ በክር ታስሮ ነው የሚገኘው። ለአባቷ የሠራችውንም የድምፅ ማጉያ እንዲሁ አሳምራ ጎነጎነችው።

ነገ የታናሽ እህቷ ሠርግ ነው። አባት ከታመሙ ወዲህ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው አልፎ አይሰማም፤ ልጃቸውን በሰው ፊት ሳይመርቁ መዳር ግን አልሆነላቸውም። ማጉያው ካልሠራ የሚመርቁት አጎት ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አንዴ ማይክ ከጨበጡ ማን ያስጥላቸዋል!

ማጉያው ሲከፈት «እምምም» አለ። አባት ማይኩን ይዘው ቢናገሩ እምምታው ዋጣቸው።

«ተይው ልጄ፣ አጎትሽ ይመርቅ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

የማጉያውን የሽቦ ንድፍ ዘርግታ ዕቃውን አንድ በአንድ ፈተሸች። እንከን የለውም። «ታዲያ ምን ሆንኩ ብሎ ነው የሚያጉረመርመው?»

ሙሽሪት ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ግማሹ እንደቆመ ብቅ አለች። ፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ በሠርጓ ዋዜማም ማስተማር አይለቃትም።

«እትዬ፣ ንድፉ አንዱ ሽቦ ከሌላው ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል?»

«ርቀት ምን ይሠራለታል? የሚናገረው ማን ከማን እንደሚገናኝ ነው።»

«እሱ ነው ነገሩ። ንድፍ ጉዳዩ ሁሉ ሽቦው ውስጥ ያለቀ አስመስሎ ነው የሚያወራው። ብዙ ጊዜ ያ ይበቃል። ኃይሉ የሚጓዘው ግን በሽቦው ዙሪያ ባለው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ነው፤ ሽቦው መንገድ ያሳየዋል እንጂ አይዘጋበትም። የመብራቱን ኃይል ለማጉያው የሚመጥነው የትራንስፎርመሩ መስክ በአጠገቡ ያገኘውን ሽቦ ሁሉ ይነካል። አንቺ ደግሞ የማይኩን ሽቦ ከሱ ሽቦ ጋር አቃቅፈሽ አስረሽዋል፤ እምምታው ከዚያ ነው።»

ታላቅየዋ ያን የመሰለ ጉንጉን አየችው። ከንፈሯን ነክሳ ክሩን በመቀስ በጠሰችና የማይኩን ሽቦ ከትራንስፎርመሩ አርቃ በሌላ በኩል አዞረችው። የማጉያው ሆድ ዶሮ የጫረው መሰለ። አስቀያሚ ሥራ ነው፤ አፈረችበት።

ማብሪያውን ስትጫን ማጉያው ጭጭ አለ። ተቃጠለ ብላ ደነገጠች።

«እነዚህ ልጆች ዛሬ ራት የሚያበሉን አይመስለኝም» የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው።

አባት ነበሩ፤ ማይኩን እንደያዙ አጠገባቸው ለተቀመጡት እናት እያንሾካሾኩ። ድምፅ ማጉያውን ዞር ብለው አዩት። ቀስ ብለው «ልጄ» አሉ። ቤቱ ሁሉ «ልጄ» አለ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አጎታችሁን ንገሩት» አሉ፣ «ነገ ቁጭ ብሎ ይብላ።»